የሸበተው ዘገየ

የዘገየ ፊት ከፎቶግራፉ ላይ እንዴት እንደጠፋ በአሰበ ተፈሪ የሚወራውና በሚኤሶ የሚወራው ለየቅል ነው።

አሰበ ተፈሪ ያሉት የእናቱ ወገኖች እንዲህ ይላሉ፦ ፎቶው ከእናቱ ከወይዘሮ የሺሐረግ ቤት ሲወጣ ዐይኑም፣ አፍንጫውም፣ ያቺ ገና ያልጠናች ሪዙም በቦታቸው ነበሩ። የዘገየ አጎት በነጠላ ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው ይዞት የወረደው። ሚኤሶ ግን ሙቀት ነው፣ የሰው እጅ ላብ ነው። የሚስቱ ዘመዶች ፎቶውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት፣ ወደ ላይ እያነሡ አለቀሱበት፤ ሲመለስ ኮት ብቻ ሆኖ ተመለሰ።

ሚኤሶ ያሉት የሚስቱ ወገኖች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ነጠላው ሲፈታ ፊቱ ቀድሞውኑ አልነበረም። ደጋ ላይ ስንት ቀን ሲስሙት፣ ሲያለቅሱበት ከርመው ለእኛ የላኩልን ጉም ነው። እኛ ያለቀስነው አንገትና ኮት ይዘን ነው። እንዲያውም አንዲት አሮጊት «ደግሞ ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠይቃ ለቅሶተኛው ሁሉ ክው ብሎ ነበር።

ሁለቱም ወገን ሲናገር ይምላል፤ በሁለቱም ወገን ውሸት የማያውቁ ሰዎች አሉ። የሟቹ ሚስት እቴነሽ ግን ነገሩ በተነሣ ቁጥር ሕፃኗን ታጠባለች፣ ወይም ውኃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች። እሷ የምታውቀው አለ።

ዘገየ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጨውና አቡጀዲ ጭነው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ከአሰበ ተፈሪ ቡናና ማሽላ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጭነት ከተገኘም እስከ አዋሽ ይዘልቃሉ። ከአዋሽ ሲመለሱ፣ ቦርደዴ አጠገብ፣ የፊት ጎማ ፈነዳና መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ጭነቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ዘገየ አልተረፈም። የቆላ ሙቀት አስከሬን አያሳድርምና የደረሱለት ሰዎች እዚያው አቅራቢያ ካለ ቤተ ክርስቲያን የዚያኑ ዕለት ቀበሩት። እናቱ በማግስቱ ሲደርሱ ያገኙት ትኩስ አፈር ነው። እቴነሽ ደግሞ ለመጀመሪያ ልጇ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ሚኤሶ ወርዳ ነበር። ሆዷ ገፍቷል ተብሎ መቃብሩን እንኳ እንዳታይ ከለከሏት። እናትም ሚስትም ፊቱን ሳይሰናበቱ ቀሩ።

የቀረው ፎቶው ነበር። ዘገየ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፎቶ የተነሣው፤ በገበያ ቀን፣ ፎቶ አንሺው ነጋሽ ፊት፣ ከጥቁር ኮት ጋር። ለቅሶው ላይ ያንን ፎቶ ሸሚዙ ላይ ሰፍተው፣ ሸሚዙን በበትር አንጠልጥለው አወጡት። እናቱ ወረፋ አልጠበቁም። ሌላው ሰው ደረቱን ሲመታ እሳቸው ፎቶውን ይስማሉ፤ ሌላው ሲቀመጥም ይስማሉ። «ተዪው የሺ፣ ወረቀት ነው» ያላቸው ሰው ነበር። አልሰሙትም።

ያ ፎቶ ሚኤሶ ሲደርስ፣ ለቅሶተኛው ገና ሳይሰበሰብ፣ እቴነሽ ጓዳ ገብታ ለብቻዋ ፈታችው። ፊቱ እንደሚሉት ሙሉ አልነበረም፤ እንደሚሉትም ጨርሶ አልጠፋም። አንድ ጉንጩ ነጥቷል፣ አፍንጫው ደብዝዟል፤ ግን ዐይኖቹና ሪዙ ነበሩ፣ ጉም ከያዘው መስታወት ጀርባ እንደቆመ ሰው። እድፍ መሰላት። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ፣ እንደ ሕፃን ፊት፣ በቀስታ ጠረገችው። ሪዙ ከነጠላው ጋር ተነሥቶ መጣ። ደንግጣ እጇን ስታነሣ አንድ ዐይኑም አብሮ ሄዷል። በእንባ ርሶ የሰነበተ ወረቀት ጨርቅ እንደማይችል ማን ነግሯት? ውጭ ሙሾው ሲጀመር ፎቶውን ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ያንን ነጠላ እስከ ዛሬ አላጠበችውም። ጫፉ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር አለ፤ የባሏ ሪዝ ነው።

የዘገየ መንፈቅ ሲደርስ እቴነሽ ሕፃኗን ውቢትን አዝላ ወደ አሰበ ተፈሪ ወጣች። ጎረቤታቸው ዘርፈሽዋል ሕፃኗን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረቻትና «እሰይ! አባቷን ቁርጥ! ዘገየ መች ሞተ በሉኛ!» አለች።

ወይዘሮ የሺሐረግ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ዘርፌ፣ በልጄ መንፈቅ አትዋሺ። ልጅቷ ቁርጥ እናቷን ናት። እናቷም ቆንጆ ናት፣ ልጅቷ ምንም አልተጎዳችም። የልጄን ፊት ግን እንደተሰበረ ገንቦ በሌላ አትተኪልኝ።»

ዘርፈሽዋል አፏን በነጠላዋ ይዛ ሕፃኗን መለሰች። እቴነሽ አማቷን ቀና ብላ አየች። የፎቶው ፊት ከጠፋ ወዲህ በሁለቱ መካከል ደግ ቃል አልነበረም፤ ይህም ደግ ቃል ይሁን አይሁን አልለየላትም።

ሰዉ ተበትኖ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ወይዘሮ የሺሐረግ ድንገት፣ «ሊድሩሽ ነው አሉ» አሏት።

እቴነሽ ሕፃኗን ወደ ጉያዋ አስጠጋች።

«ገብሬ የሚሉት የባቡር ሠራተኛ ነው አሉ።»

«ወንድሞቼ ናቸው እማማ። እኔ ገና ቃሌን አልሰጠሁም።»

«ስጪ። በዚህ ዕድሜሽ ጥቁር ለብሰሽ ልትቀሪ ነው? እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ይቺ ልጅ አድጋ አባቴ ምን ይመስል ነበር ስትልሽ ምን ታሳያታለሽ? ኮት?»

እቴነሽ ይህንኑ ነበር ስድስት ወር ሙሉ ስታስብ የከረመችው። በቃል ልትነግራት ሞክራለች፤ ልጅቷ ጡት ይዛ ስታያት «ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ሲስቅ አንገቱን ያዘነብላል» ትላታለች። ግን ከቀን ወደ ቀን እሷው ራሷ የምትናገረውን ፊት ማየት እያቃታት ነው። ግንባሩ ይመጣላትና አገጩ ይጠፋል። አገጩን ስትፈልግ ግንባሩ ይሄድባታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«እማማ፣ ግልብጡ ይኖር ይሆን?» አለች።

«የምኑ ግልብጥ?»

ነገረቻቸው። የነጋሽ ሳጥን ካሜራ መጀመሪያ የሚያወጣው ወረቀት ግልብጥ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያንን መልሶ ከካሜራው ፊት ያቆመውና ያነሣዋል፤ እውነተኛው መልክ የሚወጣው ከዚያ ነው። ግልብጡን ማንም ስለማይፈልገው ይጥለዋል፤ የገበያ ልጆች እየለቀሙ ይጫወቱበታል። ዘገየ ግን በተነሣ ዕለት ቤት ሲገባ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «እኔ የመንገድ ሰው ነኝ፤ አንዱን መንገድ ቢበላው ሌላው ይኑረኝ ብዬ ግልብጡን አትጣልብኝ አልኩት።» እሷም ስቃ፣ «ደግሞ አንተን ሁለት ጊዜ ማን ይፈልግሃል!» ብላው ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ለአማቷ አልነገረቻቸውም።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ነጋሽ በገበያ ቀን ካሜራውን የሚተክለው ከልብስ ሰፊው ኢስማኢል በረንዳ ፊት ነው። ሁለቱ ሴቶች ሕፃኗን ይዘው ሲመጡ ገና ከሩቅ ያያቸው ኢስማኢል ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ፣ «አቦ ነጋሽ፣ ሰው መጣልህ! ኮት ላውርድ?» ብሎ ጮኸ። ቀረብ ሲሉ ጥቁር ልብሳቸውን አየ፤ መቀሱን አስቀምጦ ተነሣ። «ያ ረቢ! የዘገየ እናት! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ያ ኮት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ወይዘሮ የሺሐረግ አወቁት። ከመቀመጣቸው በፊት ሄደው እጅጌውን ዳሰሱት።

«ይሄ የልጄ አይደለም እንዴ?»

«የማንም አይደለም እናቴ» አለ ኢስማኢል፣ እንደ ማፈር ብሎ። «አንድ ሰው አሰፍቶ ሳይወስደው ቀረ። ፎቶ የሚነሣ ሁሉ ይለብሰዋል። ወላሂ፣ በዚህ ከተማ የሞተ ወጣት ሁሉ የእኔን ኮት ለብሶ ነው የሚለቀስለት።»

«ለሁሉም ይልቅ ነበር?»

«ለልጅዎ ትከሻው ላይ ሰፊ ሆኖበት ነበር። ከኋላ በመርፌ ይዤለታለሁ። አትተንፍስ ስለው፣ ፎቶው ላይ መተንፈሴ አይታይም ብሎ አሳቀኝ።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ፈገግ አሉና ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

ነጋሽ እጁን ብርሃን እንዳይገባ ካሜራው ላይ ከተሰፋው ጥቁር እጅጌ አውጥቶ እያደራረቀ መጣ። እጅ ነሣቸው፤ የመጡበትንም ሰማ። እቴነሽ ፊቱ የጠፋውን ፎቶ ሰጠችው። ወደ ፀሐይ አዘነበለና ፊቱ የነበረበትን ቦታ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«መጀመሪያ በርጥበት ለስልሷል» አለ። «ደጋግሞ፣ ብዙ ቀን። እንዲያም ሆኖ በራሱ አይለቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በጨርቅ ተጠርጓል።»

ማን እንዳራሰው፣ ማን እንደጠረገው አልጠየቀም። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ሌላዋን አላዩም። ኢስማኢል እንኳ ነገር የገባው ይመስል የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

«ግልብጡ ጋሼ ነጋሽ» አለች እቴነሽ። «አትጣልብኝ ብሎህ ነበር።»

«ብሎኛል። እንዲያ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

ከካሜራው እግር ሥር ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተ። ውስጡ ለሌላ ጊዜ የሚሆኑ ወረቀቶች፣ ጠርሙሶችና ጨርቅ ነበሩ። አንድ በአንድ አወጣቸው። ባዶ ሲሆን እቴነሽ የሕፃኗን እግር ጨብጣ ያዘች። ነጋሽ ግን የቆርቆሮውን ወለል ያለበሰውን ካርቶን በጥፍሩ አነሣ፤ ከሥሩ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ነበር።

«መንገድ ላይ እንዳይፈተግ ነው እዚህ ያደረግሁት» አለና ለወይዘሮ የሺሐረግ ሰጣቸው።

እሳቸው ግልብጥ አይተው አያውቁም። ወረቀቱን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ከበስተ ጀርባው ያለው የኖራ ግድግዳ ጠቁሯል። ከጥቁሩ ፊት ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል፤ ጥቁሩ ኮት እንደ ጋቢ ነጥቷል። ጠጉሩ ነጭ ነው። ቅንድቡ ነጭ ነው። ያቺ ገና ያልጠናች ሪዝ ሙሉ በሙሉ ሸብታለች።

«ይሄ ማነው?» አሉ።

«እሱ ነው እትዬ። ጥቁሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። አሁን መልሼ ሳነሣው…»

«ሸብቷል» አሉ፣ ሳይሰሙት። «እቴነሽ፣ ነይ እዪው። ሸብቷል።»

እቴነሽ ጎንበስ አለች። እውነትም አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ደጀ ሰላም የቆመ፣ ልጆችን የዳረ፣ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ። አንገቱን ትንሽ አዘንብሏል።

«አባቱን ቁርጥ» አሉ ወይዘሮ የሺሐረግ። «አባቱ ሲሸብት እንዲህ ነበር፣ መጀመሪያ እዚህ ጋ፣ ከጆሮው በላይ። የኔ ጌታ፣ አርጅተህ አየሁህ! አርጅተህ አየሁህ!» ሳቁ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ያለቀሱት ግን ወረቀቱን በተዘረጋ ክንዳቸው ከእንባቸው አርቀው ይዘው ነው።

ነጋሽ ቆሞ ጠበቀ። ኋላ ቀስ ብሎ ተቀበላቸውና ግልብጡን ከካሜራው ፊት ካለችው ሰሌዳ ላይ አቆመው። ክዳኑን አነሣ፣ መለሰ፤ እጁን እጅጌው ውስጥ አስገብቶ በዳበሳ ሠራ። አዲሱን ወረቀት አውጥቶ ባልዲው ውስጥ ነከረው። እቴነሽ ባልዲው ላይ አጎነበሰች። ዘገየ ከውኃው ሥር ሆኖ አያት። አገጩ ነበር። ግንባሩም ነበር። ሁለቱም ባንድ ላይ ነበሩ። እጇን ልትሰድ ስትል ራሷ መልሳ ያዘችው።

«በደንብ ይታጠብ» አለ ነጋሽ። «ስትወስጂውም መስታወት ውስጥ አስገቢው። እንግዲህ ግልብጡ ካለ ስንት ጊዜም ቢጠፋ ስንት ጊዜም አወጣዋለሁ። ግልብጡ ከጠፋ ግን ካንቺው ፎቶ ላይ ነው የማነሣው፤ ቅጂ ከቅጂ ሲወለድ ፊቱ በየጊዜው አንድ አንድ እርምጃ ይርቃል። ስለዚህ ዋናው ነገር ይሄ የት ይቀመጥ የሚለው ነው።»

«ሚኤሶ እኔ ጋ ይሁን» አለች እቴነሽ። «ለልጅቷ ነው።»

«ሚኤሶ ምስጥ አለ» አሉ ወይዘሮ የሺሐረግ። ነጠላቸውን እያጣፉ ቀጠሉ፦ «ምስጡስ ይሁን። ባል ታገቢያለሽ። ገብሬ ደግ ሰው ይሆናል፤ ደግ ሰውም ቢሆን የሞተ ባል ሁለት ሆኖ ቤቱ ሲገባ ደስ አይለውም። አንዱን ይችለዋል።»

እውነት ነበር።

«ታዲያ እንደነበረው ቆርቆሮዬ ውስጥ ይቀመጥ» አለ ነጋሽ። «እስከ ዛሬ ጠብቄዋለሁ።»

«አንተ የት ነው የምትውለው ጋሼ?» አለችው እቴነሽ።

«ዛሬ እዚህ፤ ነገ ሚኤሶ፤ ከዚያ አሰቦት፣ ቦርደዴ…»

«ቆርቆሮውስ?»

«ጭነት ላይ ነዋ» አለና አፉን ያዘ።

«ከጭነት ላይ እንደገና እንዲወድቅ አልፈልግም» አለች።

ኢስማኢል የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ደብሩ አለ፣ ገዳሙ አለ» አለ ነጋሽ ደግሞ። «ወይም እርስዎ ጋ እትዬ። ቤትዎ ድንጋይ ነው፣ ሣጥንዎ ቁልፍ አለው፣ የትም አይሄዱም። በእኔ ልብ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።»

እቴነሽ ልትከራከር ነበር የመጣችው፤ መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር፤ እናት የልጇን ምስል ልያዝ ስትል ምን ተብሎ እንደሚከለከል ግን አታውቅም። «ይገባቸዋል» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እማማ ይያዙት። እኔ ያለኝ ይበቃኛል።»

ነጋሽ ግልብጡን ከሰሌዳው ነቅሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ወይዘሮ የሺሐረግ ተቀበሉ። ሽማግሌውን ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩት፣ ሁለተኛም አዩት። ከዚያ እጃቸው በራሱ ፈቃድ የሚሄድ ይመስል ወረቀቱን ወደ አፋቸው ይዞት መጣ። ከንፈራቸው ሊነካው የስንጥር ያህል ሲቀረው ቆሙ። እንደቆሙ ቆዩ፤ ትንፋሻቸውን እንኳ ወደ ጎን አዞሩት።

ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

«ኢስማኢል፣ መቀስህን የምታስቀምጥበት የብረት ሣጥን ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል እናቴ። ግን እኔ… እኔ ለልጁ ባዳ ነኝ።»

«አልቅሰህለታል?»

ኢስማኢል መሬት መሬት እያየ፣ «አዝኛለሁ፤ ማልቀስ እንኳ አላለቀስኩም። ውሸት ምን ያደርጋል» አለ።

ወይዘሮ የሺሐረግ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ሄደው ግልብጡን መዳፉ ላይ አኖሩለት። ከዚያ በረንዳው ላይ ያለውም፣ ለፎቶ ተራ የሚጠብቀውም ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«እናንተ ምስክር ሁኑ! መልኩ የጠራውን ፎቶ እቴነሽ ለልጅቷ ትውሰድ። ይሄን ግን ልጄን ያልወለደው፣ ልጄን ያላገባው ሰው ይያዝልኝ፤ እኔ ጋ አይሁን። እኔ እስመዋለሁ።»